የጋሽ መቀስ ሾርባ

ዝናብ ሲመጣ ሰው ከማን ጋር እንደሚጠለል አይመርጥም። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ድንገት የወረደው ዝናብ ልብስ ሰፊውን ጋሽ መቀስን ከአትክልት ሱቁ ቆርቆሮ ሥር አስገባቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን ተሻግሯል፤ በስፌት መኪና ላይ ሲያጎነብሱ ስለኖሩ ጀርባቸው ጎበጥ ብሏል። መቀስ የሚለውን ቅጽል ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ጨርቅ ስለሚቆርጡ ብቻ ሳይሆን የሰውንም ወሬ ከመሀሉ ስለሚቆርጡ። በብብታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል። ራታቸው እሱ ነው። የትናንትም ራታቸው እሱ ነበር።

ከእግራቸው ሥር የሚፈሰውን ውሃ ለመሸሽ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ከአንድ ሰው ጋር ተጋጩ። ዞር ቢሉ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽር ያጠለቀ ወጣት፣ ከእሳቸው ቤት ብዙም ሳይርቅ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር። በአንድ እጁ ካሮትና ሽንኩርት የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። በሌላው እጁ ደግሞ ከጃኬቱ ሥር አንድ ነገር አቅፏል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። ምንድን ነው እንደ ሕፃን ያቀፍከው?»

«መጽሐፍ ነው። እንዳይረጥብ ብዬ ነው።»

«ካሮቱ ቢረጥብ ግድ የለህም።»

«ካሮት ይታጠባል፤ መጽሐፍ አይታጠብም።»

ጋሽ መቀስ ነገር ካገኙ የሚለቁ ሰው አልነበሩም። አንገታቸውን አስግገው ሽፋኑን አዩት። ድስትና ጭልፋ ተሥሎበታል።

«የምግብ አሠራር ነው» አለ ወጣቱ አፈር እያለ። «ድስት ነክቶ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው።»

ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ጋሽ መቀስ ስቀው አያውቁም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ከአፍንጫቸው ሳቅ መሰል ነገር ሾልኮ ወጣ።

«የተማረ ይግደለኝ የተባለው ለካ በምግብ ነው?»

«እስካሁን አልሞትኩም ጋሼ።»

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የቀጠንከው። እናት የለህም?»

«አለችኝ፤ ሩቅ ናት እንጂ። ሙያዋ የተመሰከረላት ሴት ናት። ግን ስንት ጨው ትጨምሪያለሽ ብዬ ስጠይቃት ‹ዓይኔ ያውቃል› ትለኛለች። የእሷን ዓይን በስልክ እንዴት አድርጌ ልዋስ?»

«እውነቷን ነው። ሙያ የሚሄደው ከእጅ ወደ ዓይን ነው። ዋና በደብዳቤ ተማርኩ የሚል ሰው ካየህ ወንዝ ዳር እንዳታደርሰው።»

«ልክ ነዎት። ዓይን የሚማረው ግን የሚያየው እጅ እስካለ ድረስ ነው። እጁ ከሄደስ?»

ወጣቱ ይህን ሲል ክፋት አስቦ አልነበረም። ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ምን እንዳለ ገባው፤ ፊቱ ጠቆረ። ጋሽ መቀስ ዳቦውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ።

እጁ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነበር። ባለቤታቸው የታመመችው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከእሷ ጋር ሲቀበር ያዩት ነገር ግን ብዙ ነው። ጋሽ መቀስ ሲመሽ የሱቃቸውን በር ዘግተው ወደ ቤት ሲያቀኑ፣ ከአጥሩ በር ሳይደርሱ የሚቀበላቸው የምስር ሾርባ ሽታ ነበር። በብርድ ጊዜ፣ ሰው ሲከፋቸው፣ ደንበኛ ሲጨቀጭቃቸው ያ ሽታ ይቀበላቸዋል። አሁን በሩ ያው ነው፤ ሲከፍቱት የሚያገኙት ግን የተዘጋ ክፍል ሽታ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን የአጥሩን በር ይዘው ትንሽ ይቆማሉ፤ ምናልባት ዛሬ ዘግይታ ይሆናል እንደሚል ሰው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ነርስ ናት፤ የምትሠራው በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ባለ ሌላ ከተማ ነው። በዚያው ሳምንት ደውላ፣ «አባዬ፣ በወሩ መጨረሻ ፈቃድ እወጣለሁ። መጥቼ አሁንም በሻይና በዳቦ እንደምትኖር ካየሁ፣ ቤቱን ቆልፌ ይዤህ ነው የምመለሰው። እየለመንኩህ አይደለም» ብላቸዋለች። ለጋሽ መቀስ ያን ቤት መቆለፍ ማለት ሚስታቸውን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነበር። ግድግዳውን አብረው ነው የቀቡት። መስኮቱ ላይ ያለውን መጋረጃ እሳቸው ሰፍተው እሷ ናት የሰቀለችው። ይህን ለልጃቸው አልነገሯትም። «እስኪ እናያለን» ብለው ወሬውን ቆረጡት።

ዝናቡ ባላሰቡት ሰዓት አባራ። ወጣቱ መጽሐፉን ከጃኬቱ ሥር አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድ ሳምንት እርስዎ ዘንድ ይደር። ካልወደዱት ስድቡን እኔ እቀበላለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ግን ትለቃለህ።»

«ሞኙ ሌላ ነው ማለት ነው» አለ ወጣቱ።

ጋሽ መቀስ መጽሐፉን ተቀበሉት። የተቀበሉት አምነውበት ሳይሆን የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ስለነበረ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ መልካም ነገር የሚሄደው ተማርኮ ሳይሆን ተገፍቶ መሆኑን አትርሳ።

ማዕድ ቤቱ ባለቤታቸው እንደተወችው ነበር። ሽርጧ በሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ድስቶቹ በየመጠናቸው ተደርድረዋል። ጋሽ መቀስ እዚያ የሚገቡት የሻይ ውሃ ለማፍላት ብቻ ነው፤ ሲገቡም እንግዳ ሰው ቤት እንደገባ ሰው ዕቃ እንዳይነኩ ተጠንቅቀው፣ ጀበና የሚያህለውን ማንቆርቆሪያ ብቻ አንስተው ይወጣሉ። በማግሥቱ ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ መጽሐፉን ከሳህን መደርደሪያው አስደግፈው ቆሙ። የምስር ሾርባ የሚለውን ገጽ ገለጡ። ካሮት ይላል። «የእሷ ካሮት የለውም» ብለው አጉረመረሙ፤ ይሁን እንጂ ታዘዙ።

መጽሐፉን ያነበቡት አንድ ሰው እያነበበላቸው እንደሚጽፉ ዓይነት ነው። አንድ መስመር ያነባሉ፤ ያን ይፈጽማሉ፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። «ዘይቱን ያግሉ» አለ፤ አጋሉ። ቀጣዩ መስመር «የተከተፈውን ሽንኩርት ይጨምሩ» ሲል ሽንኩርቱ ገና ልብሱን አላወለቀም። እሱን ሲልጡ ዘይቱ ጨሰ። ካሮቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ «በእኩል መጠን ይቁረጡ» የሚል አገኙ። ይህ የሚያውቁት ቋንቋ ነው። ከአንገታቸው የማይለየውን ሜትር አውርደው ካሮቱን ለክተው ቆረጡ፤ አንዱ ከሌላው ክር ታህል እንኳ አይበልጥም። ያን ሁሉ ሲያሳምሩ ሽንኩርቱ ከድስቱ ጋር ተጣበቀ። በመጨረሻ «በቂ ጨው ይጨምሩ» የሚለው መጣ። ጋሽ መቀስ መስመሩን ደጋግመው አነበቡት፤ ወዲያ ገልጠው ፈለጉ፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። እፍኝ ሙሉ ዘግነው ጨመሩ።

ከዚያ ጠረጴዛ አሰናዱ፤ ሳህን አቀረቡ፤ እጃቸውን ታጥበው እንደ ወጉ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ባሕር ነበር። ማንኪያውን አስቀምጠው ባዶውን ወንበር ፊት ለፊት ሲያዩ ቆዩ። እሷ ብትኖር ኖሮ ስቃ ትሞት ነበር ብለው አሰቡ። ሾርባውን ደፍተው ዳቦአቸውን በሉ።

በነጋታው ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት መጽሐፉን ከወጣቱ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«‹በቂ ጨው› ይላል። ለማን ነው የሚበቃው? እኔ ሰው መጥቶ ሱሪ ስፋልኝ ሲለኝ በቂ ሱሪ ነው የምሰፋለት?»

ወጣቱ የመጻሕፍቱን ጋሪ ተወና ወንበር ሳበላቸው። «ይቀመጡ ጋሼ። እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ነገሩት። የጨሰውን ዘይት፣ የተለካውን ካሮት፣ ሁሉንም። ወጣቱ በካሮቱ ላይ ሲደርሱ ከንፈሩን ነከሰ።

«ሳቅ፣ አትፍራ።»

«አልሳቅኩም። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ካፖርት ሲሰፉ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ጨርቁን አያለሁ፣ ገበሩን፣ ቁልፉን፣ ክሩን አቀርባለሁ። ሁሉ ፊቴ ሳይሆን መቀስ አላነሳም። መሀል ላይ ክር ፍለጋ የሚሄድ ሰፊ ሰፊ አይደለም።»

«መጽሐፉም የሚለው ይሄንኑ ነው። እዚህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። እርስዎ ግን በቀጥታ ምስሩ ላይ ነው የዘለሉት። አሠራሩን ከእሳት በፊት እስከ ታች አንብቡ፤ የሚከተፈውን ከትፉ፤ የሚለካውን ለኩ፤ ከዚያ ነው ክብሪት የሚጫረው ይላል።»

ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩት። እውነትም አለ።

«እሺ፣ ይሄን ተቀበልኩ። ጨውስ?»

«ካፖርቱ ሲያልቅ ለሰውየው ዝም ብለው ይሰጡታል?»

«ሳያልቅ አስለካዋለሁ እንጂ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ።»

«ሾርባውን ስንት ጊዜ አስለኩት?»

«ሾርባ በምን ይለካል?»

«በምላስ ነዋ። ትንሽ ይጨምራሉ፣ ይቀምሳሉ፣ እንደገና ይጨምራሉ። ‹በቂ› ማለት ይሄ ነው።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ድስት ላይ ቆሜ ልቅመስ? በእኛ ቤት ድስት ላይ ቆሞ የሚቀምስ ሌባ ነው። እናቴ በዚህ ነገር ጣቴን በማማሰያ ብላኛለች። ማዕድ ሳይቀርብ ምግብ አፍ አይገባም። ይሄ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው።»

«የሰው ድስት ከሆነ እውነት ነው። የራስ ድስት ግን አደራ ነው ጋሼ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል እንጂ ባለድስቱ አይቅመስህ አልተባለም።»

«አፍህስ ሰልቷል። ወዴት ነበር እስከ ዛሬ?»

«ጋሼ ሲያወሩ ሌላ ሰው ተራ ስለማይደርሰው ነው።»

ወጣቱ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ሌሎች መጻሕፍት ይዞ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ስለነበረ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ረሳው። «ይሄን ይመልከቱ። ፎቶው ያማልላል። ግን ለአንድ ምግብ የሚጠራውን ቅመም ብዛት ይዩ፤ ግማሹን ባለሱቆቻችን በስም እንኳ አያውቁትም። ጀማሪ ይሄን ይዞ ከጀመረ ሁለተኛ ማዕድ ቤት አይገባም። ለጀማሪ የሚሆነው እርስዎ እንደመለሱት ያለው ነው። ቢላ እንዴት እንደሚያዝ ይናገራል። ‹ሽንኩርቱ እስኪለሰልስ› ካለ የለሰለሰ ሽንኩርት ምን እንደሚመስል ሥሎ ያሳያል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ጨው ሲበዛ፣ ሲቀጥን፣ ከሥር ሲይዝ ምን ይደረጋል የሚል ምዕራፍ አለው።»

«እንደሚበላሽ ያውቃል ማለት ነው።»

«ያውቃል።»

«እንግዲያው ትሑት መጽሐፍ ነው» አሉ ጋሽ መቀስ፤ መጽሐፉን በአዲስ ዓይን እያዩት።

«መጽሐፍ ብቻውንም አይበቃም፤ እዚህ ላይ እርስዎ ልክ ነበሩ። እጅ ማየት ያስፈልጋል። ስልክ ላይ የሚከትፉ፣ የሚያቦኩ ሰዎች ፊልም ሞልቷል፤ አንዱን አይቶ፣ አቁሞ፣ ደግሞ ማየት ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ አንዲት ከሆቴል ጡረታ የወጡ አብሳይ እዚህ አዳራሻችን ውስጥ እያበሰሉ ያሳያሉ። ጥያቄ ይመልሳሉ። አይቆጡም። ብዙ ወንዶች ይመጣሉ።»

«ብዙ ወንዶች?»

«ግማሾቹን ሚስቶቻቸው ናቸው የላኳቸው» አለ ወጣቱ። ጋሽ መቀስ ሊስቁ ቃጣቸውና መለሱት። ጣታቸውን በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። ከዚያ የመጡበትን እውነተኛ ነገር አወጡት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ይሄ ሁሉ ክርክሬ በመጽሐፉ ላይ አይደለም። ያን ምድጃ ላይ ትናንት ድስት ስጥድ የሰው ዕቃ የሰረቅኩ መሰለኝ። ማዕድ ቤቱ እስካሁን የእሷ ነው። እኔ ካበሰልኩበት የእኔ ሊሆን ነው። የእኔ ከሆነ ደግሞ እሷ የለችም ማለት ነው።»

የቤተ መጻሕፍት ሰው ለሁሉ ጥያቄ መጽሐፍ የሚያቀርብ ይመስለዋል፤ ያን ቀን ግን የወጣቱ እጅ ወደ መደርደሪያው አልሄደም።

«ለዚህ መልስ የሚሆን መጽሐፍ እዚህ የለንም ጋሼ» አለ። «ግን ይንገሩኝ። ለባለቤትዎ ‹ምድጃሽ ዓመቱን ሙሉ ድስት ሳይጣድበት ከረመ፣ እኔም ዳቦ በሻይ ስበላ ከረምኩ› ቢሏቸው ምን ይሉ ነበር?»

«ትቆጣ ነበር» አሉ ጋሽ መቀስ። «ስትቆጣ ደግሞ አታውቃትም።»

«እኔ ዛሬ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። አብረን እንሞክር። ለማበላሸትም ሁለት መሆን ይሻላል።»

ወጣቱ እንዳለው መጣ። ጋሽ መቀስ መጽሐፉን መልሰው ወስደው፣ ቀድመው አሠራሩን ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ምስሩን አጥበው፣ ሽንኩርቱን ከትፈው፣ ካሮቱን ያለ ሜትር ቆርጠው ጠበቁት። ጠረጴዛቸው የስፌት ጠረጴዛ መሰለ፤ ሁሉ በየቦታው፣ ሁሉ በየተራው። እሳቱ ሲለኮስ ያለ ግርግር ሄደ። ሽንኩርቱ ለሰለሰ፤ ሥዕሉን አስተያዩት፤ ልክ ነበር። ምስሩ ውሃውን ጠጥቶ መፈራረስ ሲጀምር ሽታው ተነሣና ክፍሉን ሞላው። ጋሽ መቀስ ወደ በሩ ዞር አሉ። ለምን እንደዞሩ ራሳቸውም አላወቁም።

«አሁን ጨው» አለ ወጣቱ። «በማንኪያ ጫፍ። እና ይቅመሱ።»

«አንተ ቅመስ።»

«ራቱ የእርስዎ ነው ጋሼ። የእኔ ምላስ ለእርስዎ አይለካም።»

ጋሽ መቀስ ማንኪያውን አንሥተው ከድስቱ ቀዱ። ሰው እያየኝ ነው በሚል ስሜት፣ ሳያስቡት፣ ለወጣቱ ጀርባቸውን ሰጡ። ማንኪያው ከንፈራቸው ላይ ሳለ ትከሻቸው ትንሽ ከፍ አለ። እዚያው ቆመው ቀሩ።

ይህን ጀርባ ያውቁታል። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሲገቡ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር የሚያገኟት። «ውጣ፣ ዘይቱ ይረጭብሃል» ትላቸዋለች ሳትዞር። ከዘይቱ የምትከልላቸው ይመስላቸው ነበር። የተጋቡ ሰሞን የእናታቸውን ማማሰያ እየሳቁ አጫውተዋት ነበር፤ እሷም አዳምጣ «እሺ» ብላ ነበር። እሺ ያለችው ለካ ቅመሳውን ስለ መተው ሳይሆን ስለ መደበቅ ኖሯል።

«ትቀምስ ነበር» አሉ ጋሽ መቀስ ሳይዞሩ። «ዕድሜዋን ሙሉ ትቀምስ ነበር። እኔ እንዳላይ ብላ።»

ወጣቱ እሳቱን ቀነሰላቸው።

«ጨውስ?» አለ።

«ይጎድለዋል። ትንሽ።»

ያን ምሽት ሁለቱ አብረው በሉ። ሾርባው ግሩም ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሾርባ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሽ መቀስ መጽሐፉ የሚመክረውን አደረጉ። አዲስ ምግብ ከማብዛት ያችኑ ሾርባ እጃቸው እስኪለምድ ደጋገሟት፤ ከዚያ ወደ ሩዝ በአትክልት፣ ከዚያ ወደ ባቄላ ተሻገሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ የፊት ወንበር ተቀምጠው ጡረተኛዋን አብሳይ ንግግሯን እየቆረጡ ጠየቋት፤ እሷም መልሳ ቆረጠቻቸው። ባቄላውን ዘፍዝፎ ማሳደር ረስተው እንደ ጠጠር ያኘኩበትም ቀን ነበር። ሰው ሲማር የሚስቅበት ቢያጣ ትምህርቱ አይዘልቅም፤ እሳቸውም በራሳቸው መሳቅ ጀመሩ።

በወሩ መጨረሻ ልጃቸው መጣች። ገና ከበሩ ሳትገባ ቆመች። ሻንጣዋን መሬት አላስቀመጠችም።

«ማን ነው ማዕድ ቤት ያለው?» አለች።

«ማንም።»

«አባዬ፣ ይሸታል እኮ።»

«ምስር ነው። እጅሽን ታጠቢ።»

የመጀመሪያውን ሳህን ሳታቋርጥ ጨረሰች። ሁለተኛውን ስትቀዳ እጇ ዘገየ። ጋሽ መቀስ የካፖርት ባለቤት መስታወት ፊት ሲቆም እንደሚጠብቁት ጠበቋት።

«የእማዬ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«እማዬ ካሮቱን ትፈቀፍቀው ነበር። ከምስሩ ጋር ይሟሟል።»

«ካሮት ነበረበት እንዴ?»

«ያን ሁሉ ዓመት ስትበላ ምን መስሎህ ነው?»

«ምስሩ ራሱ ወርቃማ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ልጅቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ሾርባ ሰው አያኖርም። እኔ ሻንጣህን ልሸክፍ ነው የመጣሁት።»

«አንድ አይደለም። ሩዝ አለኝ፣ ባቄላ አለኝ፣ እንቁላል በቲማቲም አለኝ። የሚበላሽም አለኝ፤ ሲበላሽ የሚጠገንበትን ምዕራፍ አውቃለሁ። ምን ቀረሽ? ይሄን ቤት የምትቆልፊበት ምክንያት ከሌለሽ ቁልፉን ወዲያ አድርጊ። አንቺ እዚያ ምን እንደምታበስይ ደግሞ ነግረሽኝ አታውቂም።»

ልጅቱ ጠረጴዛውን አየች። አንገቷን ስትደፋ ልክ እናቷን ትመስላለች።

«አላበስልም» አለች። «ከሆስፒታሉ ምግብ ቤት እበላለሁ፤ ሲዘጋ ብስኩት እበላለሁ። እማዬ ስትሠራ መቼ ቆሜ አየሁ? ሁልጊዜ ‹አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ› ነበር የምትለኝ። ልወስድህ የፈለግኩት ላበላህ አልነበረም አባዬ። ብቻዬን መብላት አቅቶኝ ነው።»

ጋሽ መቀስ የሰው ወሬ የሚቆርጡ ሰው ነበሩ፤ ይህኛውን ግን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ልጃቸው በቁጣ የመጣችበት ነገር፣ እሳቸው ከአጥሩ በር ቆመው የሚጠብቁት ነገር፣ አንድ ኖሯል። ሁለቱም የአንዲት ሴት ጠረጴዛ ነው የናፈቃቸው፤ አንዱ እዚህ ባዶ ሆዱን፣ አንዷ እዚያ ባዶ ሆዷን።

«ተነሺ» አሏት። «ካሮቱን እንዴት ነበር የምትፈቀፍቀው?»

የፈቃዷን ቀናት ማዕድ ቤት ውስጥ አሳለፉ። እሷ በልጅነቷ በጆሮ የቀረላትን ታስታውሳለች፤ እሳቸው መጽሐፉን ይዘው የእጁን ሥራ ያሳዩዋታል። ወጣቱም አንድ ቀን ተጠርቶ መጣ፤ ለልጅቱም በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ምን ዓይነቱን እንደምትጠይቅ ነገራት፤ ሲነግራት ብዙ ጊዜ መነጽሩን ጠራረገ። አባትና ልጅ ያገኙት ሾርባ የእናትየዋ ሆነ ማለት አንችልም። አንድ የሚጎድለው ነገር ነበረ፤ ምን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁትም፤ የሚያውቀው እጅ ሳይጽፈው ሄዷል። አንባቢ ሆይ፣ የእናትህ እጅ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ቀርበህ ቆመህ እይ፤ «ዓይኔ ያውቃል» ብትልህም ዓይኗ ያወቀውን በእህል መለኪያ እየሰፈርክ ጻፈው። እጁ ከሄደብህም አትቀመጥ። ለጀማሪ በትሕትና የተጻፈ መጽሐፍ አለ፤ በፊልም የሚያሳይ አለ፤ ጠይቀኝ የሚል አዋቂ አለ። ማብሰል ለወንድ ውርደት፣ ለተማረች ሴት ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ሆዱን በሌላ ሰው እጅ አስይዞ የሚኖር ነው። የጋሽ መቀስ ጉንጭ ሞላ፤ ቤታቸው ሳይቆለፍ ቀረ፤ ቅዳሜ ማታ አብሯቸው የሚበላ ጓደኛ አገኙ። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ድስት ነው።

ልጅቱ የምትመለስ ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኟት። ምስር፣ ካሮትና መፈቅፈቂያ በፌስታል አድርገውላታል። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ እጃቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ እንግዲህ እማዬን አትናፍቅም?»

«እንዴት አልናፍቅም?» አሉ ጋሽ መቀስ። «ግን በባዶ ሆድ መናፈቅና ጠግቦ መናፈቅ አንድ አይደለም ልጄ። በባዶ ሆድ ሲሆን ሰው የሚናፍቀው ሾርባውን ይሁን ባለሾርባዋን አይለይም። አሁን ግን እናትሽን ብቻ ነው የምናፍቃት።»